ማውጫው ያላነበበው ወረቀት

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 9 ቀን 1986 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዐሥራ አንድ ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሆስፒታሉ «ጋሼ ማውጫ» በመባል የሚታወቀው የካርድ ክፍል ሠራተኛ ከማስተምርበት ክፍል ደጃፍ መጥቶ ቆመ። ዝናብም ብርድም ሳይኖር የኮቱን ኮሌታ እስከ ጆሮው አንሥቶ ነበር። ክፍሉ ቀን የሕፃናት፣ እነሱ ወደየቤታቸው ሲሄዱ ደግሞ ፊደል የሚቆጥሩ ጎልማሶች ነው። አግዳሚዎቹ ለሰባት ዓመት ልጅ ጉልበት የተሠሩ ስለሆኑ ጎልማሶቹ እንደ ታጠፈ ጃንጥላ ተሰብስበው ይቀመጡባቸዋል።

«መምህር፣ ቦታ አለ?» አለኝ።

«ቦታስ ሞልቷል። ማንን ልታስመዘግብ ነው?»

«ራሴን» አለና ዞር ብሎ ግቢውን ቃኘ።

ሆስፒታሉ እስከዚያ ዓመት ድረስ የሕሙማንን ካርድ የሚደረድረው በቁጥር ነበር። ማውጫው ቁጥር ያውቃል፤ ፊደል ግን አያውቅም። በወጣትነቱ ቃሬዛ ተሸካሚ ሆኖ ተቀጠረ፤ ማን በየትኛው አልጋ እንደተኛ ፈጽሞ ስለማይረሳ ወደ ካርድ ክፍል አዛወሩት። ቁጥሩ የጠፋበት ሕመምተኛ ሲመጣ ፊቱን አየት አድርጎ «ሦስተኛው መደርደሪያ፣ ከታች» ይል ነበር፤ ቅጽል ስሙ የወጣለትም በዚሁ ነው። የሚነበብ ነገር ሲመጣበት መነጽሩን ቤት ረስቶ ይገኛል። መነጽር ግን ኖሮት አያውቅም። ሃያ ዓመት ሙሉ ይህንን የምታውቀው ሚስቱ ብቻ ነበረች።

አዲሱ የካርድ ክፍሉ ኃላፊ ግን ካርዶቹ ከጥር ወር ጀምሮ በስም፣ በፊደል ተራ እንዲደረደሩ አዘዘ። ሠራተኛው ሁሉ በታኅሣሥ መጨረሻ እንደሚፈተን፣ ያላለፈም ከሥራው እንደሚሰናበት አስታወቀ። ማውጫው ወደ እኔ የመጣው ይህ በተነገረ በማግስቱ ነው።

ገና ሳይቀመጥ ከመካከለኛው አግዳሚ አንዲት ልብስ ሰፊ ዞረች። ስኳር ስላለባት በየወሩ ሆስፒታል የምትመላለስ፣ አፏ ከመርፌዋ የሚፈጥን ሴት ናት።

«አንተ! የካርድ ክፍሉ ሰውዬ አይደለህም እንዴ? ልትቆጣጠረን መጣህ?»

«እንዲያው… ልከልስ ብዬ ነው፣ እትዬ።»

«ልትከልስ! እኔ ደግሞ ሐኪሙ የጻፈውን ባነበብክልኝ ቁጥር ‹ምን ያለ የተማረ ሰው ነው› እያልኩ ስመርቅህ ኖሬያለሁ!»

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እሱ አልሳቀም። ኋላ እንደነገረኝ፣ ማንበብ የማይችሉ ሕሙማን ወረቀታቸውን በመስኮቱ ሲያቀብሉት «አልችልም» ማለት ያፍር ነበር። ስለዚህ ዓይኑን ወረቀቱ ላይ ተክሎ፣ ከንፈሩን ጥቂት አንቀሳቅሶ «ደህና ነው ይላል፤ መድኃኒትሽን እንዳታቋርጪ» ይላል። ክፋት አልነበረበትም። ኀፍረትም ግን እንደ ክፋት ሰውን ይጎዳል።

ፊደልን የያዘው እንደ ሕሙማኑ በመልክ ነው። «መ» መነጽር አደረገች፤ «ቀ» ሁለት እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ የምትቆጣ ሴት ሆነች። ፊደል ሥዕል አይደለም ብዬ ገሠጽኩት፤ እሱ ግን በአንድ ወር ውስጥ ሌሎቹን በልጦ ተገኘ፤ እኔም ተውኩት። ልብስ ሰፊዋ ግን ወደ ኋላ ቀረች። «መምህር፣ ጠመኔዎ አይጽፍም እኮ! ሰሌዳው ላይ ጉም ነው የማየው» ትለኛለች። እኔም «ጉሙ ሰሌዳው ላይ ሳይሆን ሐሳብሽ ላይ ነው» ብዬ አሳፈርኳት። ይህንን የምጽፈው ሊጻፍ ስለሚገባው ነው።

ማውጫው ማንበብ ሲጀምር ደስታ ይታይበታል ብዬ ነበር። የታየበት ግን ሥጋት ነው። በየሱቁ ደጃፍ፣ በየአውቶቡሱ ጎን ቆም ይላል። «ድሮ ግድግዳ ዝም ይል ነበር፤ አሁን ሁሉም ይጠራኛል» አለኝ። ሚስቱም «ጤናውን ነው? ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ነው የሚሄደው» ብላ ጠየቀችኝ። ያስፈራው ሌላ ነገር መሆኑን ያወቅሁት ታኅሣሥ 18 ቀን ነው።

በዚያ ቀን ከትምህርት ሰዓት አስቀድሞ መጣ። ደብተሩን ገልጦ በእርሳስ የጻፈውን አንድ መስመር አሳየኝ። 

«መምህር፣ እስቲ ያንብቡልኝ። እኔ ተሳስቼ ይሆናል።»

ጽሑፉ «ዓይኗ በሦስት ወር ውስጥ በዓይን ክፍል ይታይ፤ እንዳይዘገይ» ይላል።

«አልተሳሳትክም።»

«ብሳሳት ይሻለኝ ነበር» አለና አግዳሚው ላይ ዝርፍጥ አለ።

ለፈተናው ሲለማመድ የልብስ ሰፊዋን ካርድ አንሥቶ፣ በውስጡ የታሰረውን የቀጠሮ ወረቀት ፊደል በፊደል አነበበው። የተጻፈው በሐምሌ ወር ነው። ሐኪሙ በጥድፊያ «ሁሉን ጽፌልሻለሁ» ብሎ ሸኝቷት፣ እሷም ወረቀቱን በመስኮቱ አቀብላው ነበር። ማውጫው ምንም አይረሳምና፣ ያን ቀን ያደረገችውን ቢጫ ሻሽና «ደህና ነው ይላል» ያላትን አስታወሰ። ወረቀቱን ተቀብሎ ካርዱ ውስጥ ያሰረውም እሱ ራሱ ነበር።

«እንዲያው ‹ቀጠሮሽ ደርሷል› ብዬ ብልካትስ? ሌላውን ባልናገር? ፈተናው እኮ ዐሥር ቀን ነው የቀረው። ከታወቀብኝ ሳልፈተን ነው የሚያባርሩኝ።»

«ትሄዳለች» አልኩት። «ሐኪሙም ‹ለምን ዘገየሽ?› ብሎ ይቆጣታል። ያን ጊዜ ጥፋቱ የማን ይሆናል?»

ደብተሩን አጠፈው። እኔም ስለ ጠመኔው የተናገርኳት ትዝ ብሎኝ አንገቴን ደፋሁ።

ልብስ ሰፊዋ ስትመጣ መተላለፊያው ላይ ጠበቃት። በሩ ክፍት ስለነበር ሁሉንም ሰማሁ።

«እትዬ፣ በሐምሌ የሰጠሽኝ ወረቀት… ደህና ነው አይልም ነበር። ዓይንሽ ቶሎ ይታይ ነው የሚለው። ማንበብ አልችልም ነበር።»

«ልከልስ ነው የመጣሁት አላልክም?»

«ዋሽቼ ነው።»

«ታዲያ ያን ቀን ምን ስታይ ነበር? ዓይንህን ተክለህ፣ ከንፈርህን እያንቀሳቀስክ!»

«ጥቁር ጥቁሩን፣ እትዬ።»

«እኔ እኮ ልብስ ሰፊ ነኝ! በዓይኔ ነው የምበላው! አምስት ወር ሙሉ ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት ሲያቅተኝ ‹ደህና ነው ተብለሻል፣ እርጅና ነው› እያልኩ ራሴን ሳጽናና!» ቀጥላም «የማይችልስ አልችልም ይላል! እኔ ብያለሁ አይደል? እዚህ የተቀመጥኩት ብዬ አይደል?» አለች።

«ልክ ነሽ።»

«ልክነቴን ተወው! ነገ ጠዋት አንተው ትወስደኛለህ። የነገርከኝንም ሐኪሙ ፊት ትደግመዋለህ፤ አንዲት ቃል ሳታጎድል።»

በማግስቱ ሁለቱ በዓይን ክፍሉ መተላለፊያ ሦስት ሰዓት ያህል ተራ ሲጠብቁ ተቀመጡ። ማውጫው ሐኪሙ ፊት ቆሞ አንዲት ቃል ሳያጎድል ተናገረ። ሐኪሙ ወደ መሣሪያው ዞረ፤ ለረጅም ጊዜ ከመረመራትም በኋላ የቀኝ ዓይኗ ብርሃን አብዛኛው እንደሄደና እንደማይመለስ፣ ግራው ግን ወዲያው ከታከመ እንደሚተርፍ ነገራት። ሕክምናው በዚያው ሳምንት ተጀመረ።

ወሬው ከምሳ ሰዓት በፊት ካርድ ክፍል ደረሰ። ኃላፊው ጠራው።

«ሃያ ዓመት ሙሉ፣ ጋሼ? ስንት ሰው በዚያ መስኮት አልፏል?»

«አላውቅም። ግን ፊታቸውን አስታውሳለሁ።»

«እንግዲያው ያነበቡላቸውን ሁሉ ካርድ አውጥተው ለሐኪሞቹ ያቅርቡ። መስኮቱ ላይ ከዛሬ ጀምሮ ሌላ ሰው ይቀመጣል። ፈተናውን ካለፉ ከኋላ መደርደሪያው ይሠራሉ፤ ካላለፉ ይሰናበታሉ።»

ማውጫው እስከ ፈተናው ቀን ድረስ እንቅልፍ በዓይኑ እንዳልዞረ ሚስቱ ነግራኛለች። በእነዚያ ቀናት ሠላሳ ሰባት ካርድ አወጣ፤ ሐኪሞቹም ከእነዚህ አራት ሕሙማንን በአስቸኳይ አስጠሩ። ልብስ ሰፊዋ ወደ ትምህርቷ ተመልሳ የመጀመሪያውን አግዳሚ ያዘች፤ እኔም ፊደሉን ከፍ አድርጌ መጻፍ ጀመርኩ፤ ይቅርታም ጠየቅኳት። እሱን ግን ይቅር ብዬሃለሁ ስትል አልሰማሁም።

ታኅሣሥ 28 ቀን ማውጫው ከተሰጡት ሃምሳ ካርዶች አርባ ስድስቱን በአንድ ሰዓት ውስጥ በትክክለኛው ተራ ደረደረ፤ ማለፊያው አርባ አምስት ነበር። በ1991 ዓ.ም. የስድስተኛ ክፍልን ፈተና አለፈ፤ በካርድ ክፍሉም ተጨማሪ ዐሥራ ሁለት ዓመት ሠርቶ በጡረታ ተሰናበተ።