ሥሩ የማይቋጠር በርበሬ ፍለጋ፤ ከመቱ እስከ ኡካ

መቱ

ጭንቀት የገባኝ በጓሮዬ የጠወለገ በርበሬ የነቀልሁ ዕለት ነው። ሥሩ እንደ መቁጠሪያ ጉብ ጉብ ብሏል። አጠገቡ ያለውንም ነቀልሁ፤ ያው ነው። ባሌ ከሞተ ወዲህ ልጆቼ የሚበሉት እህል በዚያ በርበሬ የሚለወጥ ነው። እዚያው መደቡ ላይ ቁጭ ብዬ አለቀስሁ። ጎረቤቴ እትዬ ወለተ ማርያም "መሬትሽ ታሟል፤ ዘር ለውጪ እንጂ አታልቅሺ" አሉኝ። ልጆቼን ለእሳቸው ትቼ፣ በሶና ቁራጭ አሞሌ ይዤ ከነጋዴዎች ጋር ወጣሁ።

ኖፓ

መንገዱ ጭቃ ነው፤ በቅሎዎቹ እየሰመጡ አስቸገሩን። ጫካው ውስጥ ጉሬዛ ከላያችን ይዘላል። ኖፓ ላይ የአንድ ወታደር ሚስት አሳደረችኝ። የጓሮዋ በርበሬ ቅጠሉ ያምራል፤ እኔ ግን ቅጠል ማመን ትቻለሁ።

"እቴ፣ አንድ እግር ልንቀልና ሥሩን ልየው" አልኋት።

"ሥሩን? ለምንሽ?"

"ከመቱ ያመጣኝ ሥር ነው።"

ሕፃኗን ብድግ አድርጋ በነጠላዋ ሸፈነችው። "ኧረ ጎረቤት! ሥር ማሽ ቤቴ ገብታለች!"

ሰው ተሰበሰበ። መተተኛ መሰልኋቸው። "ለልጆቼ ብዬ ነው" ብል፣ አንዱ "በገዛ ልጆቿ ላይ መተት ልታደርግ ነው!" አለ። ነጋዴዎቹ ደርሰው ባያስጥሉኝ ምን ይውጠኝ ነበር? ስወጣ ሴትዮዋ አንድ በርበሬ ነቅላ "ይኸው ሥርሽ!" ብላ ወረወረችብኝ። አነሣሁና አየሁት፤ እሱም ተቋጥሯል።

ኡካ

ኡካ ላይ "ሥር" የሚለውን ቃል ከአፌ አላወጣሁም። አዴ ጫልቱ የሚባሉ ባልቴት ጓሮ ገብቼ በኦሮምኛ "ሂዳውን አሳዩኝ" አልሁ። ሳቁብኝ፤ ሂዳ ሥርም ነው፣ የዘር ሐረግም ነው።

"የእኔን ሂዳ ከሆነ ቁጭ በይ፤ ቆጥሬ አልጨርሰውም!"

የበርበሬውን ነው ብዬ ነገሬን አጫወትኋቸው። በአንድ መደብ ላይ ወፍራሙና ደቃቁ በርበሬ ተቀላቅለው በቅለዋል። ወፍራሙን ነቀልን፤ ተቋጥሯል። በዚያው አፈር የበቀለውን ደቃቁን ነቀልን፤ ሥሩ እንደ ፀጉር ልስልስ ነው። ሌላም ነቀልን፤ ያው ልስልስ።

"እሱማ ያቃጥላል" አሉኝ።

"ያቃጥል!"

በአሞሌዬ ዘሩን ሰጡኝ።

ተመልሼ መቱ

ችግኙን የተከልሁት ከሁሉ በባሰው መደብ ነው፤ አሮጌውንም ዘር ከጎኑ አደረግሁ። አሮጌው ጠወለገ። ደቃቁን እየፈራሁ ነቅዬ ሥሩን በውኃ አጠብሁት፤ አንድም ጉብታ የለበትም። ትልቋ ልጄ ፍሬውን ቀምሳ "እማ፣ እሳት ነው!" እያለች ወደ ውኃው ሮጠች። እትዬ ወለተ ማርያም ግን ወደዱት፤ በጤፍ ለወጡኝ።

መንገዱ ያስተማረኝ፣ ዘር ከመውሰድ በፊት ከአፈር በታች ማየትን ነው፤ ደግሞም ሥርን በአገሩ ሰው ቋንቋ መጠየቅን። አሁን ደህና ነን። ልጆቼ የሚበሉት አለ።