የሦስተኛው ሲሊንደር ቫልቭ

«ሚያዝያ ሦስት ነበር፤ ኧረ ቆይ፣ አሥር ሳይሆን አይቀርም» ትላለች የአንድ ሽማግሌ መካኒክ ታናሽ እህት። ቀኑ ሁልጊዜ ይምታታባታል። እሑድ መሆኑን ግን አትጠራጠርም። የሕፃናት መምህርት ናት፤ ሥራ ስላልነበራት ጠዋቱን ሙሉ ከጓሮ ያለችውን ክፍል ስታጸዳ ቆየች። አልጋ አንጥፋ፣ መጋረጃ ሰቅላ ታላቅ ወንድሟን ጠበቀችው። እሱ የሚመጣው የመኪናዋን ሞተር ሊያጸዳላት ነው። እሷ ግን ልትጠይቀው ያሰበችው ሌላ ነገር ነው፤ ብቻውን መኖሩን ትቶ እነሱ ዘንድ እንዲገባ።

«አንቺው ጠይቂው» ብሏታል ባሏ። «እኔ ካነሳሁበት ‹ጡረታ አወጣኸኝ› ብሎ ይቀየመኛል።»

ወንድሟ ዕድሜውን የፈጀው ሞተር ላይ አጎንብሶ ነው። ሰፈሩ «ጋሽ ጸጥታ» ይለዋል፤ መኪና ሲመጣለት መጀመሪያ የሚያደርገው ባለቤቱን ዝም ማሰኘት ነበርና። ዓይኑን ጨፍኖ ያዳምጣል፤ ኮፈኑን የሚከፍተው ከዚያ በኋላ ነው። አባታቸው ሲሞት እሷ ገና ፊደል አልቆጠረችም፤ ያሳደጋትም ያስተማራትም እሱ ነው። ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጋራዡ ገብታ ባትሪ ታበራለት ነበር። ብርሃኑ ከተንቀጠቀጠ «ሚጣ፣ እጅሽን እንቅልፍ ወሰደው?» ይላታል። ሚስቱ ከሞተች በኋላ ጋራዡን ዘጋ። ዕቃውን ለሠራተኞቹ አከፋፍሎ፣ ለእህቱ መኪና የምትሆነውን አንዲት የመፍቻ ሣጥን ብቻ አስቀረ።

«ዘይቱን መቼ ነው የቀየርሽው?» አላት እጅጌውን እየሰበሰበ።

«ባለፈው ወር፣ ጋሼ። አንተ ያልከኝን ዓይነት ነው ያስገባሁት።»

«ጎሽ። ከቤት ትምህርት ቤት፣ ከትምህርት ቤት ቤት ብቻ እየነዳሽ ግን አታፍኛት። አንዳንዴ ከከተማ አውጫትና፣ ሞተሩ በደንብ ሲሞቅ ረገጥ አድርገሽ ንጃት። ቆማ በሚኒሞ ስታንጎራጉር አትዋል።»

ባሏ በረንዳው ላይ ሆኖ ሳቀ። «ይቺ መኪና እኮ ከእኔ የበለጠ ትታከማለች።»

«አንተን ማን ይፈታሃል? ብሎንህ ዝጓል» አለው ጋሽ ጸጥታ፣ ቀና እንኳ ሳይል።

አየር የሚያስገቡትን ቱቦዎች ፈትቶ ሲያነሳ ቫልቮቹ ታዩ፤ ጀርባቸው የከሰል ቅርፊት ለብሷል።

«አየሽ፣ በድሮዎቹ ሞተሮች ቤንዚኑ ቫልቩ ጀርባ ላይ ተረጭቶ፣ እያጠበው ነበር የሚገባው። ያንቺዋ በቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ነው የምትረጨው። ቫልቩን የሚያጥበው የለም። የዘይቱ ጭስ ይመጣና ይለጠፍበታል፣ ሙቀቱ ይጋግረዋል። ሳይታጠብ ሁልጊዜ የሚጣድ ድስት በይው። ጥሩ ዘይትና አነዳድ ያዘገየዋል እንጂ አያስቀረውም። ሳትታመም ቀድሞ ከፍቶ ማየት ነው።»

ይህን በመጣ ቁጥር ይነግራታል፤ እሷም እንደ አዲስ ትሰማዋለች።

አሠራሩንም ታውቀዋለች። መጀመሪያ ሞተሩን በመፍቻ በእጁ ያዞራል፤ የሚያጸዳው ሲሊንደር ቫልቮች ግጥም ብለው ሲዘጉ ማሟሟያውን ያፈስበታል፤ ትንሽ ቆይቶ በብሩሽ ይፈገፍጋል፣ ቆሻሻውን ይመጥጣል። ቫልቩ ሳይዘጋ ጠብታ አይገባም፤ የተፋቀው ሁሉ ሲሊንደሩ ውስጥ ይወርዳልና። ይህን የረሳ ሠራተኛ ነበረው፤ ሳምንት ሙሉ አላናገረውም።

አንደኛው ጸዳ። ሁለተኛውም ጸዳ። ሦስተኛው ላይ መፍቻውን አልነካም፤ ጠርሙሱን አነሳና አፈሰሰ። ባትሪውን ይዛ የምታበራው እሷ ናት፤ ፈሳሹ መቆሙን ትቶ ወደ ታች ሲሸሽ አየችው።

«ጋሼ፣ ይሄኛው ክፍት አይደለም?»

«ዘግቼዋለሁ።»

«አላዞርከውም እኮ።»

ጎንበስ ብሎ አየ። በባትሪው ያሳብባል ብላ ጠበቀች፤ አላሳበበም። ካንዴላውን ፈታ፣ የገባውን ፈሳሽ በቀጭን ቱቦ መጠጠው፣ ሞተሩን አዞረ። እጁ ሥራውን አልረሳም። ሦስተኛውን ጨረሰ፣ አራተኛውንም። ሁሉን መልሶ ገጥሞ ቀና ሲል ላብ አጥምቆት ነበር።

«ዘይቱን መቼ ነው የቀየርሽው?» አላት።

ባሏ የጀመረውን ሳቅ ዋጠ።

«ባለፈው ወር፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ እንዳይለወጥ እየተጠነቀቀች።

«ጎሽ።» ከዚያ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «ሦስተኛውን ሠርተነዋል፣ አይደል?»

«ሠርተነዋል።»

ሞተሩ ሲነሳ ዓይኑን ጨፍኖ አዳመጠ። ለእሷ ጆሮ እንከን የለውም። ወትሮ በዚህ ጊዜ «ዳነች» ይል ነበር። ያን ቀን ግን መፍቻዎቹን ወደ ሣጥኑ መክተት ጀመረ።

አሁን እጠይቀዋለሁ አለች በልቧ። ስለ ጓሮዋ ክፍል ብቻ ሳይሆን፣ ይህ የመርሳት ነገር ከጀመረው ምን ያህል እንደቆየ፣ ምድጃውን ማጥፋቱን ማን እንደሚያይለት። መጀመሪያ ግን እጁን ይታጠብ። ለብ ያለ ውሃና ፎጣ ልታመጣ ገባች።

ስትመለስ ኮፈኑ ተዘግቷል፤ ሣጥኑም የለም።

«አሁን ወጣ» አላት ባሏ። «እጅህን እንኳ ታጠብ ብዬው ነበር። ‹ከእንግዲህ ለሚጣ መኪና ሌላ ሰው ፈልግ› ብሎኝ ሄደ።»

ፎጣውን እንደያዘች ወደ አጥሩ በር ሮጠች። ከመንገዱ ማዶ የቆመ ታክሲ ለመሙላት አንድ ሰው ብቻ ቀርቶት ነበር። ወንድሟ ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ግራሳሙ እጁ ማንንም እንዳይነካ ጣቶቹን ሰብስቦ፣ ሣጥኑን ጭኑ ላይ አድርጎ ተቀመጠ። ልትጣራ አለች። ጥያቄዋ ግን መንገድ ለመንገድ የሚጮህ ዓይነት አልነበረም። ቢሆንም ልጣራ ብላ ስታስብ የታክሲው በር ተዘግቶ፣ መኪናው ተንቀሳቅሶ ነበር።