ገበር ውስጥ የቀረ ቃል

አክስቴ ልብስ ሰፊ ናት። ሰፈሩ «እትዬ ልክ» ይላታል። ደንበኛው መስታወት ፊት ቆሞ «ኧረ በጣም ያምራል» ሲል እሷ ስፒሎቿን በከንፈሯ እንደያዘች «ልክ አይደለም» ትልና ሰፍታ የጨረሰችውን መልሳ ትፈታዋለች። ባለቤቱ የወደደውን ልብስ እሷ ስትጠላው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። እኔን ያሳደገችኝ ይቺ ሴት ናት። ይህን ብታነበው የትኛው መስመር ላይ «ልክ አይደለም» እንደምትል ከወዲሁ አውቃለሁ፤ ቢሆንም እጽፈዋለሁ።

እናቴ ታማ በተኛችባቸው ሁለት ዓመታት ከትምህርት ቤት ቀርቼ አስታመምኳት። ስትሞት አክስቴ መጣችና ከስፌት ክፍሏ ጀርባ ወዳለችው አንዲት ክፍል ወሰደችኝ፤ አልጋዋን ተካፈልን። ብዙም ሳትቆይ እጄን ይዛ ከርዕሰ መምህሩ ዘንድ አቆመችኝ። ሰውየው ረጅም ናቸው፤ ሲናገሩ ሰው ሳይሆን ጣራ ያያሉ። ወረቀት ሰጥተው ስለ ቤተሰቤ እንድጽፍ አዘዙኝ። ጽፌ ስሰጣቸው አንዲት ቃል እየመረጡ በቀይ ከበቡ፣ ከበቡ፣ ገጹ ኩፍኝ የወጣበት መሰለ። ቃሏ «ሐዘን» ነበረች። እናቴ ስትሞት ሐዘን ነው፣ ውኃ ሲጠፋ ሐዘን ነው፣ ጫማዬ ሲጠበኝም ሐዘን ነው ብዬ ጽፌ ነበር።

ቢሮው ውስጥ ሌሎች ወላጆችና ልጆች ነበሩ። ርዕሰ መምህሩ ግን ድምፃቸውን ዝቅ ማድረግ አላስፈለጋቸውም። ይቺ ልጅ በአንድ ቃል ነው የምትኖረው፣ ከስድስተኛ ክፍል ልጆች ጋር ልትቀመጥ አትችልም አሉ። ልጆቹ ሳቁ። ከሦስት ወር በኋላ እንደገና እንድጽፍ፣ ካልተሻሻልኩ ሦስተኛ ክፍል እንድገባ ተወሰነ። አሥራ ሦስት ዓመቴ ነበር፤ ቁመቴ ደግሞ ከዕድሜዬ ቀድሞ ሄዷል። የሦስተኛ ክፍል ልጆች ወገቤ ጋ ነው የሚደርሱት። ከእነሱ ጋር ከምቀመጥ እቤት ውዬ ቁልፍ ብተክል እንደሚሻለኝ በልቤ ቆረጥኩ። አክስቴ ይህን ሳልነግራት አወቀችው።

እቤት ስንደርስ የክር መሳቢያዋን ከፍታ ሰማያዊ ክር እንዳቀብላት ጠየቀችኝ። ሰጠኋት። ከምትሰፋው ቀሚስ ላይ ስታጋድመው ከጨርቁ ጋር ተጣላ። ሌላ ሰማያዊ አለችኝ፤ እሱም አልሆነም። ሰባተኛው ላይ ክሩ ጨርቁ ውስጥ ገብቶ ጠፋ።

«ሁሉም ሰማያዊ ናቸው» አለችኝ። «ለዚህ ጨርቅ ግን ልኩ አንዱ ነው። ሐዘንም እንደዚሁ ሳይሆን አይቀርም። እኔ ክሩ እንጂ ቃሉ የለኝም፤ ከአራተኛ ክፍል ነው የወጣሁት። ከሰው እንለቅማለን።»

ከማግስቱ ጀምሮ ቃል ያላዋጣ ሰው ልብስ አይለካም ተባለ። ለመለካት እጁን ዘርግቶ የቆመ ሰው ደግሞ ወዴት ያመልጣል? ሜትሩ ደረቱ ላይ ተጠምጥሞ እያለ አክስቴ የዕለቱን ቃል ትወረውርለታለች። ነርሷ ትከሻዋን እየተለካች፣ ሐዘን ሲቆይ ትካዜ ይሆናል፣ ሰውን ዝም አሰኝቶ መስኮት መስኮት የሚያሳየው እሱ ነው አለችን። ጡረታ የወጡት የፍርድ ቤት ጸሐፊ ሱሪያቸውን ሊያሳጥሩ መጥተው ጸጸትንና ቁጭትን ለዩልን፤ ጸጸት ባደረግሽው ነገር ነው፣ ቁጭት ሳታደርጊው ባመለጠሽ ነው አሉ። የታክሲ ሹፌሩ «ለደስታ ሌላ ቃል» ሲባል እጁን እንደዘረጋ ላብ እስኪያጠምቀው አሰበና «ሰልፍ የሌለበት ማደያ» አለ። አክስቴ የጠየቅኩህ ቃል እንጂ ቦታ አይደለም ብላ እጁን አላስወርድም አለችው። በመጨረሻ «እፎይታ» ብሎ ተገላገለ፤ ከዚያ ቀን ወዲህ ቃሉን አዘጋጅቶ ነው የሚመጣው።

ቃሎቹን የምጽፋቸው በልክ ወረቀቶቹ ጀርባ ነበር። በፊት ለፊቱ ደረት፣ ወገብ፣ ቁመት፤ በጀርባው ሐሴት፣ ስጋት፣ ጽናት። ከዚያ እያንዳንዱን ቃል ከተሰቀሉት ልብሶች ለሚስማማው እሰካለሁ። ሐሴት ለሙሽራዋ ቀሚስ ሄደ፣ ትዕግሥት ለዘበኛው ካፖርት። አክስቴ ልብሱን ከማስረከቧ በፊት ስፒሉን ነቅላ ገበሩን በመዳፏ ሦስት ጊዜ ትዳብሰዋለች። ደንበኛን የሚወጋ ስፒል ለልብስ ሰፊ ውርደት ነው ትላለች።

የኩራት ተራ የደረሰ ሰሞን ርዕሰ መምህሩ የኮታቸውን ገበር ሊያስቀይሩ መጡ። ሰላምታ ሰጡኝ፤ ማን እንደሆንኩ የማስታወስ ምልክት ግን ፊታቸው ላይ አላየሁም። ኩራት፣ ክብር፣ ትምክህት፣ ትዕቢት ብለን የለቀምናቸው ቃላት ጠረጴዛው ላይ ነበሩ። አክስቴ ዞር ስትል የእሳቸውን የልክ ወረቀት አነሳሁ፤ በጀርባው «ትዕቢት» ብዬ በደማቁ ጻፍኩና ከውስጥ ኪሳቸው ሥር ገበሩ ላይ በሁለት ስፌት ጠለፍኩት። በስፒል ብሰካው መዳፏ ያገኘዋላ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። ሰውየው ከመምጣታቸው በፊት ልፈታው ነበር። እሳቸው ግን ከቀጠሯቸው አንድ ቀን ቀድመው፣ እኔ ቁልፍ ልገዛ በሄድኩበት መጥተው ኮታቸውን ወሰዱ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ። የእጅ ወለምታ ደግሞ በራሱ እግር ተመልሶ ይመጣል። ለፈተናው አራት ቀን ሲቀረው ርዕሰ መምህሩ ገቡ፤ ኮቱን ጠረጴዛው ላይ ዘርግተው ገበሩን ገለበጡ። አክስቴ ቃሉን ፊደል በፊደል እየቆጠረች አነበበችው። ከዚያ ስፌቱን አየች። ጠማማዋን ስፌቴን ከመቶ ስፌት መሃል ትለያለች። ወደ እኔ ግን አልዞረችም።

«ከዚህ ቤት በወጣ ልብስ ላይ ያለ ጥፋት የእኔ ጥፋት ነው» አለች። «ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

አንገቷንም ደፋች። በሠራችው ሥራ ማንንም ይቅርታ ስትጠይቅ አይቻት አላውቅም፤ ይቅርታ የሚያስጠይቅ ሥራ ሠርታ አታውቅማ። ምድር ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። አልዋጠችኝም፤ ስለዚህ እኔ ነኝ አልኳቸው። ለምን ብለው ጠየቁኝ።

«ሰው ፊት አሳቁብኝ። የያዘኝ ቁጣ መስሎኝ ነበር፤ ግን ውርደት ነው። አሁን ስንቀጠቀጥ ደግሞ ፈርታ ነው ይሉ ይሆናል፣ ፍርሃት አይደለም። ጸጸት ነው፤ በእኔ ጥፋት አክስቴ አንገቷን ስትደፋ አየሁ።»

ርዕሰ መምህሩ ለመጀመሪያ ጊዜ ጣራውን ትተው እኔን አዩ። ከዚያ ኮታቸውን አጥፈው ክንዳቸው ላይ አደረጉና «ሐሙስ ሁለት ሰዓት ላይ። እንዳታረፍጂ» ብለው ወጡ። ወረቀቷንም ይዘዋት ሄዱ። አክስቴ ትቆጣኛለች ብዬ ብጠብቅ «ስፌትሽ ጠማማ ነው» ብቻ ብላ ወደ ስፌት መኪናዋ ተመለሰች።

ሐሙስ ጠዋት ራሷ የሰፋችውን አዲስ ዩኒፎርም አለበሰችኝ። ፈተናው ስለምናውቀው አንድ ሥራ እንድንጽፍ ነበር። ስለ ሰባቱ ሰማያዊ ክሮች ስጽፍ ደረቴ ላይ የሆነ ነገር ተንኮሻኮሸ። ኪሴ ውስጥ የልክ ወረቀት ነበረች። በፊት ለፊቷ ደረቴ፣ ወገቤ፣ ቁመቴ፣ ከሥሩ ደግሞ በአክስቴ ጎርባጣ ጽሕፈት «ለማደጊያ ሁለት ጣት»። ገለበጥኳት። ጀርባዋ ባዶ ነበር። ረስታው ነው ብዬ ትንሽ ቅር አለኝ፤ ከዚያ ጽሑፌን ቀጠልኩ።

ርዕሰ መምህሩ እዚያው እንደቆምኩ አነበቡት። ቀይ እስክሪብቷቸው እጃቸው ላይ ነበር፤ ግን አልከበቡም።

«ሐዘን የሚለውን ስንት ጊዜ ጻፍሽው?» አሉኝ።

«አንድ ጊዜ።»

«የት ላይ?»

«እናቴ ጋ።»

አንገታቸውን ነቀነቁና ስሜን ስድስተኛ ክፍል መዝገብ ላይ አሰፈሩ። እየሮጥኩ ወደ ቤት ሄድኩ። አክስቴ የሰማችኝ መኪናዋን ሳታቆም ነው፤ ያን ቀን የሰፋችውን እጅጌ ግን በኋላ ስታየው ወደ ውጭ ገልብጣ ሰፍታው ኖሯል። ስለ ባዶዋ ወረቀት ጠየቅኳት።

«ላንቺ የሚሆን ቃል ደንበኛውን ሁሉ ጠይቄያለሁ። ፍቅር አሉኝ፣ ኩራት አሉኝ፣ ተስፋ አሉኝ። አንዱም ልክሽ አልሆነም» አለችኝ። «ልክ ያልሆነ ነገር ደግሞ አልሰፋም።»

አሁን ማተሚያ ቤት አራሚ ነኝ። ቀኑን ሙሉ የሰው ቃል እየፈታሁ መልሼ እሰፋለሁ። እንጀራዬን ያገኘሁት እጃቸውን ዘርግተው ከቆሙ ሰዎች ነው፤ ነርሷን፣ ጸሐፊውን፣ ሹፌሩን፣ ጣራ የሚያዩትን ርዕሰ መምህር ጭምር አመሰግናቸዋለሁ። አክስቴን ሳመሰግን ግን ቃሉ አጭር ይሆንብኛል፤ ምስጋና ብል ይጠብባታል፣ ውለታ ብል የሚመለስ ነገር ያስመስለዋል።

ዐይኗ ስለደከመ ቅዳሜ ቅዳሜ እየሄድኩ የሳምንቱን መርፌዎች ክር አስገባላታለሁ። ባለፈው ቅዳሜ እጇን አስዘርግቼ ለካኋት፤ አዲስ የሥራ ሽርጥ ልሰፋላት ነው። ቁመቷ ሁለት ጣት ቀንሷል። ሽርጡን ወስጄ ሳለብሳት እንደ ልማዷ በመዳፏ ሦስት ጊዜ ዳበሰችው፤ ኪሱ ጋ ስትደርስ ቆመች። የከተትኩላትን የልክ ወረቀት አውጥታ ወደ መስኮቱ ጠጋ አለችና ልኳን አነበበች፤ ከዚያ ገለበጠቻት።

«አጣሽለት?» አለችኝ።

«አጣሁለት።»

ወረቀቷን አጥፋ ወደ ኪሷ መለሰቻት።

«በይ፣ ልኩ እስኪገኝ ቸኩለሽ እንዳትሰፊው።»