ለመጀመሪያ እባብ የሚበቃ ዕድሜ

ሎሬታ ፕሩት ኦክላሆማ ውስጥ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ስትነዳ ኖራ ጡረታ ከወጣች ወዲህ የበቆሎ እባብ የሚባለውን ታራባለች። ብርቱካንማ ነው፣ መርዝ የለውም፣ ሃያ ዓመት ይኖራል። በየወሩ በሚቆመው የእባብና የእንሽላሊት ገበያ ጠረጴዛዋ ፊት የሚሰለፉ አባቶች ጥያቄያቸው አንድ ነው፤ ልጅ ስንት ዓመት ሲሞላው እባብ ይገዛለታል? ሎሬታ ጥያቄውን ትንቀዋለች። እኔም ጎረቤቷ ሆኜ ስሰማ ከርሜ መናቅ ለምጃለሁ።

ባለፈው ጸደይ ከርቲስ የሚባል መኪና ሻጭ የስምንት ዓመት ሴት ልጁን ሜሲን ይዞ መጣ። እርሳስ የማታክል፣ ገና ከእንቁላል የወጣች እባብ አማረችው።

"ከልጄ ጋር አብረው እንዲያድጉ ነው" አለ።

"ቡችላ መሰለችህ እንዴ? ጨቅላ እባብ ፈሪ ናት፤ ስትፈራ ደግሞ አትበላም። ዓመት የሞላትን፣ መብላት የለመደችውን ውሰድ።"

"ያቺማ አርጅታለች" አለና ከሚቀጥለው ጠረጴዛ ሌላ ጨቅላ ገዛ።

በወሩ ተመለሱ። እባቧ አንዴም ሳትበላ ክር አክላለች። የሜሲ ዐይን በለቅሶ አብጧል።

"ትሞታለች?" አለች።

እዚህ ላይ ላስረዳ፤ ነገሩ በጣም ደስ ይለኛል። የእባብ ምግብ በረዶ ሆኖ የሚሸጥ አይጥ ነው። ለብ ባለ ውሃ በረዶው ቀስ ብሎ ይቀልጣል፣ ሽታው ይወጣል፣ ከዚያ በረጅም ወረንጦ ይቀርብላታል።

"አይጡን በምን አሞቅኸው?" አለችው ሎሬታ።

"በማይክሮዌቭ።"

"ፈነዳ?"

"ትንሽ።"

"ሚስትህ ምን አለች?"

"አዲስ ማይክሮዌቭ ገዝተናል።"

"ጎበዝ። ትነካካት ነበር?"

"በየቀኑ፣ እንድትለምደን።"

"አባዬ፣ ተዋት ብዬህ ነበር" አለች ሜሲ። "እጅህን ስታይ እኮ ትደበቃለች።"

ሎሬታ ልጅቷን አተኩራ አየቻት። ከዚያ ጨቅላዋን ወስዳ፣ ወረቀት በተነጠፈበት ትንሽ ሣጥን ከድና፣ ማንም እንዳይደርስባት አደረገች። በሳምንቱ ጠጉር ያላወጣ አይጥ አቀረበችላት፤ ስትውጥ አይቼ እንደ ሕፃን አጨበጨብኩ።

ከርቲስ ሊወስዳት ሲመጣ ያችኑ ጥያቄ ደገማት። "ታዲያ ትክክለኛው ዕድሜ ስንት ነው?"

ሎሬታ ወረንጦውን ለሜሲ ሰጠቻት። "ለእሷ ስምንት በቂ ነው። አንተ ግን ገና ነህ፤ ስታድግ እንነግርሃለን።"

ዛሬ የእባቧ ቤት ቁልፍ ሜሲ አንገት ላይ ነው። ከርቲስ ማየት ሲያምረው ያስፈቅዳል።