ሰማዩ እንዴት ነው?

ሥራ የጀመርኩ ዕለት ሐዋሳ ላይ ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ አድሮ ነበር። የሜትሮሎጂ ጣቢያው ኃላፊ አቶ ተስፋዬ ስሜን እንኳ ሳይጠይቁኝ የዝናብ መለኪያውን ከፈቱ፤ ውሃውን ምልክት ባለው ቀጭን ብርጭቆ ውስጥ ገለበጡና አስያዙኝ።

"ስንት ነው?"

"ስድስት ሚሊሜትር ይሆናል።"

"'ይሆናል' መዝገብ ላይ አይጻፍም። ጎንበስ በይ፤ ዓይንሽ ከውሃው እኩል ይሁን። ዳር ዳሩን ተዪው፤ መሃሉን አንብቢ።"

ጎንበስ ብዬ አነበብኩ። አምስት ነጥብ ስምንት ነበር።

"አሁን ስምሽ ማን ነው?" አሉኝ።

ማዕረጌ ታዛቢ ነበር። በየሦስት ሰዓቱ ግቢው ውስጥ በቆመው ነጭ የእንጨት ሳጥን ያሉትን ቴርሞሜትሮች አነባለሁ፤ የነፋሱን አቅጣጫና ፍጥነት እይዛለሁ፤ ሰማዩን በሐሳቤ ስምንት ቦታ ከፍዬ ስንቱን ደመና እንደሸፈነው እጽፋለሁ። ቁጥሮቹን ወደ አዲስ አበባ እናስተላልፋለን። ትንበያ የሚሠሩት እዚያ ያሉት ባለሙያዎች ናቸው። "እኛ የሆነውን እንጽፋለን፤ የሚሆነውን እነሱ ይናገራሉ" ይሉ ነበር አቶ ተስፋዬ።

ይህን ለከተማው ሰው ማስረዳት አልቻልኩም። ባህል አዳራሽ አካባቢ ቤት ያከራዩኝ እትዬ አስካለ ጠዋት ጠዋት በመስኮት ይጠሩኛል።

"ብርቱካን፣ በርበሬዬን ላስጣ?"

"እትዬ፣ እኔ ትንበያ አልሰጥም።"

"ታዲያ ደሞዝ የሚከፍሉሽ ለምንድን ነው?"

አንድ ቀን ሰልችቶኝ "ያስጡት" አልኳቸው። ከምሳ በኋላ ዶፉ ወረደ። ሁለታችን እየሮጥን በርበሬውን ሰብስበን ሳሎን ውስጥ ዘረጋነው፤ ሳምንቱን ሙሉ ስናስነጥስ ከረምን። እትዬ አስካለ አልተቀየሙኝም። ለጎረቤት ግን "እሷ ፀሐይ ነው ካለች ጃንጥላ ያዙ" ማለት ጀመሩ።

ጋሽ ሀመሶን ያወቅኋቸው ሐይቁ ዳር ካለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ዓሣ ስገዛ ነው። ጠና ያሉ ዓሣ አጥማጅ ነበሩ። ከሰዓት በኋላ በእንጨት ጀልባቸው ወጥተው መረብ ይጥላሉ፤ በማግስቱ ማለዳ ያወጡታል። አፋቸውን የፈቱት በሲዳምኛ ስለሆነ አማርኛቸው አጭርና ቀጥተኛ ነው። የት እንደምሠራ ሲሰሙ ስልክ ቁጥሬን ጠየቁኝ። ከዚያ በኋላ ከመውጣታቸው በፊት እየደወሉ "ልጄ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?" ይሉኛል።

አንድ ቀን ከአላሙራ ተራራ ጀርባ ጥቁር ደመና እንደ ግንብ ሲቆለል አየሁና "ዛሬ አይውጡ፣ ነፋስ ይመጣል" አልኳቸው። ለሌሎቹም ነገሩ፤ ብዙዎቹ ቀሩ። ደመናው በሌላ በኩል አለፈ። ሐይቁ እስኪመሽ ድረስ እንደ ተነጠፈ ጨርቅ ተኝቶ ዋለ። በማግስቱ ገበያው ላይ የሚሸጥ ዓሣ ጥቂት ነበር፤ የሚስቅብኝ ሰው ግን ብዙ።

ወሬው አቶ ተስፋዬ ጋ ደረሰ። "ማን ፈቀደልሽ?" አሉኝ። "ትንበያ መስጠት ልክ ብትሆኚም ጥፋት ነው። ስትሳሳቺ ደግሞ ሁለት ጥፋት።"

ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ያው ዓይነት ደመና በዚያው ቦታ ተቆለለ። ስልኬ ጮኸ።

"ልጄ፣ ሰማዩ እንዴት ነው?"

የገበያው ሳቅ ገና ጆሮዬ ላይ ነበር። "ጋሽ ሀመሶ፣ እኔ ታዛቢ ነኝ። ትንበያውን ከሬዲዮ ይስሙ" አልኳቸው። "እሺ" ብለው ዘጉ።

የሬዲዮው ትንበያ ለሰፊ አካባቢ የተሰጠ ነበር፤ ስለ አንድ ሐይቅ የአንድ ከሰዓት በኋላ ነፋስ አይናገርም። ጋሽ ሀመሶ ወጡ።

አሥር ሰዓት ተኩል ላይ ነፋሱ ተነሣ። ግቢያችን ያለው የነፋስ መለኪያ፣ ጫፉ ላይ የሚዞሩት ኩባያዎች እርስ በርስ እስከማይለዩ ድረስ ተሽከረከረ። ደወልኩላቸው፤ ስልካቸው አይሠራም። እንደገና ደወልኩ። ስልኩን በአንድ እጄ ይዤ ፍጥነቱን መዝገብ ላይ ስጽፍ ቁጥሩ ተጣመመ። አቶ ተስፋዬ ቁጥሩን አዩት፤ ከዚያ እኔን አዩኝ።

"ማን አለ ሐይቁ ላይ?"

ነገርኳቸው።

"ሂጂ። የአሥራ ሁለት ሰዓቱን ንባብ እኔ እይዘዋለሁ።"

ባጃጅ ይዤ አሞራ ገደል ደረስኩ። ሦስት ጀልባዎች ተመልሰዋል። የጋሽ ሀመሶ የለም። ባለቤታቸው ነጠላቸውን በጥርሳቸው ነክሰው ውሃው ዳር ቆመዋል። ማን መሆኔን አያውቁም፤ እኔም አልነገርኳቸውም። አጠገባቸው ቆምኩ።

ሊመሽ ሲል አንድ ሰው በሐይቁ ዳር በእግሩ ሲመጣ ታየ። ጋሽ ሀመሶ ነበሩ። ጀልባቸው ተገልብጦ ነበር፤ እሱን እንደያዙ ነፋሱ እየገፋ ዳር ያለው ሸምበቆ ውስጥ ጥሏቸዋል። መረባቸው ጠፍቷል። ባለቤታቸው ነጠላቸውን አለበሷቸውና አለቀሱ። እኔም አለቀስኩ።

"ይቅር ይበሉኝ" አልኳቸው። "ደመናውን አይቼው ነበር። እንደ ባለፈው እሳሳታለሁ ብዬ ፈራሁ።"

ጥርሳቸው እየተንገጫገጨ መለሱልኝ። "መሳሳት ምን አለበት? እኔ ስንት ቀን ባዶ መረብ አወጣለሁ። ነገ ምን ይሆናል አላልኩሽም፤ ሰማዩ እንዴት ነው አልኩሽ። ይሄን ታውቂ ነበር።"

በማግስቱ ይህንኑ ለአቶ ተስፋዬ ነገርኳቸው። ብዙ አሰቡ። "ያየነውን መናገር ትንበያ አይደለም" አሉ በመጨረሻ። ዓሣ አጥማጆቹ ገበያው ግድግዳ ላይ ሰሌዳ ሰቀሉ። በየቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ እየደወልኩ አስጽፍ ነበር፦ "ከአላሙራ ጀርባ ደመና እያደገ ነው። ነፋሱ ለጊዜው ቀላል ነው። ወደ ሐይቁ ይምጣ አይምጣ አላውቅም።" አንዳንዱ ይወጣል፣ አንዳንዱ ይቀራል። ጋሽ ሀመሶ ከዘመድ በተዋሱት መረብ ወደ ሥራቸው ተመለሱ፤ መደወላቸውንም አልተዉም።

አሁን ጡረታ ወጥቻለሁ። ጣቢያው በራሱ የሚመዘግብ መሣሪያ ተተክሎለታል፤ ሰዉም ትንበያውን በእጅ ስልኩ ያያል። ለእናንተ ሥራውን ለተረከባችሁት የምለው ይህ ነው። ሰው ሲጠይቃችሁ ያያችሁትን ከነሰዓቱ ንገሩት። የማታውቁትን አላውቅም በሉት። መውጣት አለመውጣቱን እሱ ይወስናል።