የመስኮብ ጦርነትና የእኔ ሰርግ

ሰርጌ ለጥቂት ሳይፈርስ የቀረው በመስኮብ አገር፣ ዛሬ ሩሲያ በሚሉት፣ ጦርነት የተነሣ ነው ስላቸው የልጅ ልጆቼ ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔም የተዳርኩት በካባዬ ውስጥ አፌን በእጄ ይዤ ስስቅ ነው።

ሃያ ዓመት ሞልቶኝ ነበር። በዚያ ዘመን መቱ ላይ ሃያ ዓመት ሞልቷት ያላገባች ልጅ ጎረቤት ሁሉ «ቆማ ቀረች» ይላታል። ጥፋቱ የመልኬ አልነበረም፤ መልኬንማ አውቀው ነበር። ጥፋቱ የአባቴ አፍ ነው። አባቴ ሙግት ካላገኘ የሚያመው ሰው ነበር። ሽማግሌ የላከብንን አንዱን ሰው ስለ አንድ በሬ ዕድሜ ተሟግቶ፣ ሌላውን ደግሞ የአጋዘንን ሥጋ ካህን ይበላል አይበላም ብሎ ተሟግቶ አባረረብኝ። ሦስተኛው የመጣው ከጎሬ ነው፤ የቡና ነጋዴ ልጅ። ልጁን በጥምቀት ዕለት አይቼዋለሁ፣ እሱም አይቶኛል። ወድጄው ነበር፤ በዚህ ዕድሜ ምን እደብቃለሁ።

ሰርጉ ለቅበላ እሑድ ተቆረጠ። በማግስቱ ዐቢይ ጾም ይገባል፤ ያ እሑድ ካለፈ እስከ ፋሲካ ጋብቻ የለም። እስከ ፋሲካ ደግሞ አባቴ አዲስ ሙግት እንደማያጣ ሁላችንም እናውቃለን። ስለዚህ እናቴ ልጅቷ ከቤት እስክትወጣ ድረስ ከአማቷ ጋር አንድ ቃል እንዳይከራከር በታቦት አስማለችው። ማለ።

የጎሬ መንገድ ሩቅ ስለሆነ ወሳጆቹ ከአማቴ ጋር ቅዳሜውኑ መጡና ዳሱ ውስጥ ተቀመጡ። አማቴ ጎሬ ካሉት የግሪክ ነጋዴዎች የሰማውን ወሬ ይዞ ነበር። መስኮብ ንጉሡን ገድሎ ለሁለት ተከፍሎ እየተጫረሰ ነው፤ እንግሊዙም ፈረንሳዩም ጦር ልኮ ገብቶበታል፤ ብሎ ተረከ። ከእንግዶቹ አንዱ፣ እግዜር ይይልኝ፣ እኛስ ምን እናድርግ ብሎ ጠየቀ። አባቴ ብርሌውን አስቀመጠ። እናቴ ይህን በመጋረጃው ቀዳዳ አይታ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

አባቴ በወጣትነቱ አንድ የመስኮብ መኮንን ተከትሎ እስከ ባሮ ቆላ ዘምቷል። እዚያ እግሩ ቆስሎ ሊቆረጥ ሲል የመስኮብ ሐኪም አዳነለት። ያ እግር በቤታችን እንደ ምስክር ነበር፤ ሙግት በጠነከረ ቁጥር ሱሪው ይጠቀለልና ይወጣል። ያን ቀንም ወጣ። በሃይማኖት ወንድሞቻችን ናቸው፣ ውለታቸው በእግሬ ላይ አለ፣ መዝመት ይገባናል አለ። አማቴ ደግሞ ረጋ ያለ ሰው ነው። ሁለቱም ወገን መስቀል ይሳለማል፣ የትኛው ላይ ሊተኩሱ ነው ብሎ ጠየቀው። ንጉሡን የገደለውን ነዋ አለ አባቴ።

«ለመሆኑ ጠርተውዎታል? ሳይጠሩት መሄድ ነውር ነው» አለ አማቴ።

«የጎረቤት ቤት ሲቃጠል ጥሪ ይጠበቃል?»

«ለእሳት ውሃ ተይዞ ነው የሚኬደው ጌታው። እርስዎ ጠመንጃ ይዘው ነው።»

ዳሱ በሳቅ ፈረሰ፤ አባቴ ግን ተነሥቶ «በላ ልበልህ» አለ። ይህ የሙግት መክፈቻ ቃል ከወጣ ወዲያ መመለሻ የለም። አንዱ በማር፣ ሌላው በበቅሎ ተወራረዱ። ከዚያ እንደ ደንቡ የኩታቸውን ጫፍ አንድ ላይ ቋጠሩ። እንዲህ የተቆራኘ ባላጋራ ዳኛ እስኪፈርድለት አብሮ ይበላል፣ አብሮ ይሄዳል፤ ቋጠሮውን ቀድሞ የፈታ ተረታ ማለት ነው። የመቱው ዳኛ ደግሞ ቅበላን ከዘመዶቹ ጋር ሊያሳልፍ ጎሬ ወጥቷል። ይህን ያሰቡት ከቋጠሩ በኋላ ነው።

እኔ ጓዳ ውስጥ በንዴት እንባዬ መጣ። አለቀልኝ፣ ይኸኛውም ሄደ አልኩ። ነገር ግን ከዳሱ የሚመጣውን እየሰማሁ ማልቀስ እንዴት ይቻላል? እንግዳው በሙሉ ለሁለት ተከፍሏል። አንዱ በበረዶው አገር በቅሎ ምን ትግጣለች ይላል። ዲያቆኑ ሽንብራ በማይበቅልበት ምድር ዘማቹ ጾሙን በምን ይጾማል ብሎ ተጨንቋል። የአባቴ ወዳጅ የሆነ አንድ ጡረተኛ ጦሩን ማን ይምራ የሚለው ላይ ደርሶ ራሱን አጭቷል። ሁለቱ አባቶች ከአንድ መሶብ ጎን ለጎን እየበሉ ይሰዳደባሉ፤ አንዱ ሊታጠብ ሲነሣ ሌላው ወጡን ጥሎ ይነሣል። የጎረቤት ሴቶች ሰዎቹ ሲተኙ ቋጠሮውን እንፍታው ወይ ሲሉ እናቴን ጠየቋት። ያስማለችው እናቴ ትቆጣለች ብዬ ስጠብቅ፣

«ተዉት፤ የሚያደርገውን ያውቃል» አለች። ንጹሕ እጀ ጠባቡንና ከዘራውን አውጥታ ሰቀለችለት።

እሑድ ጠዋት ለምርቃት ወጣሁ። የአባቴን ጉልበት ልስም ጎንበስ ስል የአማቴም ጉልበት አብሮ መጣ፤ ሁለቱንም ሳምኩ። ሁለቱም እየተቀዳደሙ መረቁኝ።

በእኛ ወግ የሙሽራ አባት ደጁ ላይ ቆሞ ይቀራል። ልጁን ተከትሎ አይሄድም፤ ሳይጠሩት ከሙሽራው ቤት መድረስ ነውር ነው፤ እስከ መልስ ድረስ ዓይኗን አያይም። የተቆራኘ ሰው ግን ምን ያድርግ? አማቴ በቅሎው ላይ ሲወጣ አባቴም ወጣ።

የጎሬ ዳገት በደን ውስጥ ጠባብ መንገድ ነው። ሁለት በቅሎ ጎን ለጎን አያስኬድም፤ ኩታውም ረጅም አይደለም። አንዴ አባቴ ቁጥቋጦ ውስጥ ይገባል፣ አንዴ አማቴ፤ በመጨረሻ ሁለቱም ወርደው በእግራቸው ሄዱ። አባቴ በዚያ በተጠገነ እግሩ ዳገቱን ሲወጣው ምስክሩ እውነቱን ነበር ለካ አልኩ። ከገበያ የምትመለስ አንዲት ኦሮሞ ሴት ቆማ እነሱን አየች፣ እኔን አየች፣ «ሚስሮን ኤኙ?» አለች፤ ሙሽራዋ ማን ናት ማለቷ ነው። ሙሽራ በመንገድ ማልቀስ አለባት። ትከሻዬ ሲንቀጠቀጥ ያዩት ሚዜዎች አለቀሰች ተባባሉ። እኔ በካባዬ ውስጥ በሳቅ ልሞት ነበር።

ጎሬ ስንገባ ዳኛው ያረፈበት ቤት መንገዳችን ላይ ነበር። አማቴ ቆመና እንግባ፣ እንገላገል አለ። አባቴ አልቆመም።

«ዛሬ እሑድ አይደል? እሑድ ችሎት አለ እንዴ?» ብሎ አለፈ።

እሑድ መሆኑን መቱም ሳለ ያውቅ ነበር። ሳቄ ያን ጊዜ ቆመ።

ከአማቴ ደጅ ደረስን፤ እልልታው ቀለጠ። አባቴ ከበቅሎዬ ደግፎ አወረደኝ፤ ካባዬን ትከሻዬ ላይ አስተካከለ። ከዚያ ማንም ሳይነካው በገዛ እጁ ቋጠሮውን ፈታ።

«ረትተውኛል ጌታው። ሳይጠሩት መሄድ ነውር ነው ብለዋል፤ እውነት ነው፣ ነውር ነው። ልጄን ግን አድርሻታለሁ» አለና ከዘራውን አንሥቶ ፊቱን ወደ መቱ መለሰ።

አባባ አይሂዱ ልል ፈለግሁ፤ ሙሽራ አትናገርም። አማቴ የተፈታውን የገዛ ኩታውን ጫፍ አነሣ። ከዚያ ተከተለው፤ የአባቴን ኩታ ጫፍ ያዘና መልሶ ቋጠረው።

«ዳኛ ሳይፈርድ ማን ፍታ አለዎት? ካልጠሩት አይኬድም ያልኩት እኔ ነኝ፤ አሁን ጠርቼዎታለሁ። ይግቡ።»

አባቴ የመስኮቡ ነገር እንዳልተፈረደ አስመዝግቦ ገባ። እኔም መቱ ላይ ላለቅሰው ይገባኝ የነበረውን ለቅሶ ሁሉ፣ ሙሽራ መሳቅ በሚገባት ደጅ ላይ ቆሜ አለቀስኩት።