ሰባት እግር ጎል

ባለፈው ሳምንት ካዛንቺስ ቆሜ ወደ ኦሎምፒያ የሚሄድ ታክሲ ስጠብቅ፣ ከኋላዬ በቆርቆሮ ከታጠረው ቦታ እርጥብ አፈር ሸተተኝና እግሬ አልንቀሳቀስ አለ። በቆርቆሮው ሽንቁር አጮልቄ ሳይ ሁለት ወጣቶች ሜትር ዘርግተው መሬት ይለካሉ፤ አንዱ ቁጥር ይጠራል፣ ሌላው ችካል ይተክላል። ታክሲው መጥቶ ረዳቱ "እናቴ፣ ትገቢያለሽ ወይስ እንሂድ?" ሲለኝ ሂዱ አልኩት። ችካሉ የተተከለው የኔ ጎል የነበረበት ቦታ ላይ ነዋ! አዎ፣ ሴት ልጅ ሆኜ የላይ ሰፈር በረኛ ነበርኩ፤ መሳቅ የፈለገ ይሳቅ።

ሜዳችን፣ ሜዳ ካሉት ማለቴ ነው፣ ወደ አንድ ጎኑ ያዘነበለ፣ ክረምት ጭቃው ጫማ የሚያስቀር፣ በጋ አቧራው እናቶቻችንን የሚያስመርር ቁራጭ መሬት ነበር፤ ኳሳችን ፌስታል የተጠቀጠቀበት ካልሲ፣ ጎላችን ደግሞ ሁለት ሁለት ድንጋይ ነው። ሕጋችን ግን ቀልድ አያውቅም። በረኛ የራሱን ጎል በራሱ ባዶ እግር፣ ተረከዙን ካውራ ጣቱ እያስነካ፣ ሰባት አድርጎ ይለካል፤ የሌላ ሰፈር እግር ደግሞ ጎላችንን ሊለካ ድርሽ አይልም፣ ነውር ነው። ማን እንዳወጣው አላውቅም፤ ስንደርስ እንደዚያ ሆኖ ጠበቀን፣ እኛም እንደዚያው ቀጠልን። የታች ሰፈር በረኛ ደረጀ በዚያ ዕድሜው የአባቱን ጫማ የሚያደርግ ልጅ ነበር፤ የኔ እግር ደግሞ አክስቴ ሁልጊዜ የምትስቅበት ሚጢጢ ነገር ነው። ይኸው ነው እንግዲህ፣ ሁሌ የምናሸንፈው እኛ ነበርን፣ እኔም በተፈጥሮዬ ጎል የማይገባብኝ ጉደኛ በረኛ መስዬ ተኮፍሼ እሄድ ነበር።

ኩራቴ ግን ክፍል ድረስ አይከተለኝም። ስድስተኛ ክፍል ነበርኩ፤ ሒሳብ አስተማሪያችን ክፍልፋይ ሲያስተምሩን ሰሌዳው ላይ ዳቦ ስለው ይቆርጡታል፣ እኔም ዳቦው ብቻ ነበር የሚታየኝ። ካርዴ በቀይ ተጽፎ ሲመጣ አባቴ፣ የመንግሥት ሠራተኛ፣ ተቆጥቶ ድምፁን ከፍ አድርጎ የማያውቅ ሰው፣ መነጽሩን አውልቆ ጠረገና ከመጪው ሰኞ ጀምሮ ሒሳብ እስካልፍ ድረስ ኳስ የሚባል ነገር እንደሌለ ነገረኝ። ክፍል መድገሙ ብዙም አላስጨነቀኝ፤ ጎሌ ላይ ሌላ ልጅ ቆሞ ማየት ግን ሞት መሰለኝ።

አርብ አመሻሽ ላይ፣ የመጨረሻዬ ነው ብዬ በወጣሁበት ጨዋታ መሃል፣ መሸነፍ የመረረው ደረጀ ሕግ ጥሶ መጥቶ ጎሌ ውስጥ ተጋደመ። እግሩን አንዱ ድንጋይ ላይ ሲያደርግ ጭንቅላቱ ሌላውን አልፎ ወጣ። ተነስቶ እየሮጠ ሄዶ የራሱ ጎል ውስጥ ሲጋደም ግን ከአናቱ በላይ ድመት የሚያስተኛ ቦታ ተረፈ። ከዚያ ሌባ አለኝ። እኔ ሌባ? ሰባት ሰባት ነው፣ የፈለግከውን ሰው ጠይቅ ብዬ ጮህኩ፤ ከልቤ ነበር የማምነው። በዚያው ቅጽበት አባቴ ከቢሮ ሲመለስ አየሁትና ይፍረደኝ ብዬ ሮጥኩ።

ሁለታችንንም እስከ መጨረሻው ሰማና ቦርሳውን ድንጋይ ላይ አስቀመጠ።

"የሱ ሰባት ባንቺ እግር ስንት ነው?" አለኝ። "ጎሉ ውስጥ ሳትገቢ ንገሪኝ። ካገኘሽው ሰኞም ትጫወቻለሽ። ካላገኘሽው ግን ነይ ወደ ቤት፣ በቃ።"

የሰፈር ልጅ ሁሉ ከቦኛል፣ እንባዬ መጥቷል፤ ግን እልህ ያዘኝ። ከዚህ ሜዳ ጎትቶ የሚያስወጣኝ ቁጥር አይኖርም አልኩ። ደረጀን ጎትቼ የማንም ወዳልሆነው የሜዳው መሃል ወሰድኩትና ጫማ አስወለቅኩት። አንድ መስመር ጭሬ እሱ ከዚያ ጀምሮ እግሩን ይቀጣጥላል፣ እኔም ጎን ለጎን የኔን እቀጣጥላለሁ፤ የሱ ሁለት የኔ ሦስት ላይ ስንደርስ ጣቶቻችን እኩል ሆኑ። ስለዚህ የሱ ስድስት የኔ ዘጠኝ ነው። እዚህ ድረስ በጣቴ ቆጠርኩት። አንድ የሱ እግር ተረፈችና እሷ ላይ ተገትሬ ቀረሁ። አንዱ ልጅ እግር ይቆረጣል እንዴ ብሎ ሲያስቃቸው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ፣ አፈሩን እየጫርኩ ቆየሁ፤ ድንገት ሁለቱ ሦስት ከሆኑ አንዱ የሦስት ግማሽ መሆኑ፣ ያ የሰሌዳ ዳቦ ያልነገረኝ ነገር፣ በተረከዜ በኩል ገባኝ።

"አሥር ተኩል" አልኩት አባቴን።

"ለኪዋ" አለኝ።

አሥር ለካሁና፣ አሥራ አንደኛውን ስረግጥ ድንጋዩን የውስጥ እግሬ መሃል ትይዩ አስቀመጥኩት። ደረጀ ተጋደመ፤ ከአናቱ በላይ የቀረው ቦታ ልክ የራሱ ጎል ላይ እንደተረፈው ሆነ። ጨዋታው ሲቀጥል ታዲያ፣ በገዛ እጄ ባሰፋሁት ጎል ያገቡብኝን ኳስ ስንቱን ልቁጠረው! ተሸነፍን። ሰኞ ግን ጎሌ ላይ ነበርኩ፣ ማክሰኞም እንደዚሁ፤ በዓመቱ መጨረሻ ካርዴ ላይ ከሒሳብ ፊት ለፊት ቀይ አልነበረም።

የዚያን አርብ ምሽት ቤት ስንደርስ አባቴ በራችን ደረጃ ላይ ተቀመጠና አንድ ጫማውን አወለቀ፤ በካልሲ ያለ እግሩን ከኔ አቧራ የጠጣ እግር አጠገብ አድርጎ፣ ነገ ደግሞ የኔ ባንቺ ስንት እንደሆነ ታወጪልኛለሽ አለኝ፣ ደስ ብሎት። በመሸነፌ ተበሳጭቼ ስለነበር እሺ ነገ ብዬው ገባሁ። በነጋታው ሌላ ጨዋታ ነበር። ከዚያ ፈተና መጣ፣ ከዚያ እግሬ አደገ። ሰፈሩም ተነሳ፤ የደረጀ ቤተሰቦች ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ደረሳቸው፣ እኛ ጎተራ ገባን። አባቴ ሲያርፍ ልብሱንና ጫማውን ዐርባው ላይ ለነዳያን በእጄ ያከፋፈልኩት እኔ ነኝ። ዛሬ በቢሮዬ ሒሳብ የጠፋበት ሰው ሁሉ እኔ ጋ ይመጣል፤ የአባቴ አንድ እግር በዚያች ትንሽ እግሬ ስንት እንደነበር ግን አላውቅም።